ሻዩ ይደርሳል

አሠሪዬ አንሙት ክፉ ሰው አልነበረም፤
በጥፊ አልመታኝም፣ ደሞዜን አልበላም።
ብቻ የቡሎን ጥርስ ሊያወጣ ሲል፣
ማርሹን ሊመርጥ፣ ቢላውን ሊስል፣
«አንተ ልጅ» ይለኛል፣ «ሂድና ሻይ አምጣ»።
ስመለስ ዳዶው ገብቷል፣ ሥራው አልቋል፤
አንሙት እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይስቃል።

ሰባት ዓመት ሻይ አመላለስኩ።
ከቶርኖ ቤቱ እስከ ሻይ ቤቱ
መቶ አሥራ አራት እርምጃ ነው፤ በጨለማም አልስተውም።
የጥርሱን ስሌት ግን አላውቀውም።

ያወቅሁት ከጥራጊው ነው።
ማታ መጥረጊያ ይዤ ስቀር
ፍቅፋቂውን አምፖል ሥር አየው ነበር፦
ሰማያዊ ከሆነ ፍጥነቱ በዝቷል፣
ከተሰባበረ ቢላው ደንዟል፣
እንደ ሐረግ ተጠምዝዞ ሳይበጠስ ከወረደ
ያን ቀን አንሙት ደስ ብሎት ውሏል።
ከገበታው ተባርሬ ከፍርፋሪው በላሁ።

አሁን የራሴ አለኝ፤ ዓባይ ማዶ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ፣
ሁለት ቶርኖ፣ አንድ መበየጃ፣ አንድ የማይዘጋ በር።
ከሰዓት ከጣና የሚነሳው ነፋስ
ሳያንኳኳ ገብቶ ደረሰኞቼን ይበትናል።
እምቦጭ ተጠምጥሞ ያጎበጠው የጀልባ ሻፍት፣
የወፍጮ ዘንግ፣ የባጃጅ አክስል፣
ሁሉም እኔ ዘንድ ይመጣል፣ ሁሉም «ለነገ» ይላል።

አንድ ሰኞ ከፖሊ ቴክኒክ ደብዳቤ ይዛ መጣች፤
የሦስት ወር ልምምድ፣ ማኅተም ያረፈበት፣
አዲስ ቱታ፣ እጅጌው የረዘመባት።
«ስምሽ?»
«ትሁን። ትሁን ገደፋው።»
«እሺ፣ ትሁን» አልኩ፤
ስሟን ልጥራ፣ ልፍቀድ፣ ራሴም አልለየሁትም።

በሦስተኛው ቀን ሻፍት አስሬ፣
ማርሹን ለውጬ፣ እጄ ማንሻው ላይ እንዳለ
ከአፌ የወጣው የአንሙት ድምፅ ነው፦
«ሂጂና ሻይ አምጪ።»

ሄደች። መጣች። ጥርሱ ወጥቶ አልቋል።
ብርጭቆውን አስቀመጠች፣ ምንም አላለችም፤
ጎንበስ ብላ ከመሬት አንድ ፍቅፋቂ አነሳች፣
ወደ በሩ ብርሃን ዘርግታ አየችው።

ሻዩን አልጠጣሁትም።

ከዚያ ወዲህ፦ «ጆሮሽን ስጪው፤ ብረት ሲከፋው ይናገራል።
ቁጥሩ ሳይደርስ አትያዢ፣ ደርሶም አታመንቺ።
ስትፈሪ እጅሽን አንሺ፤
ስትኮሪም እንደዚያው።»

ሁለት ሻፍት አበላሸች። ሁለተኛው የማይዝግ ብረት ነበር፤
ባለጀልባው ሁለት ቀን በሬ ላይ ቆሞ ዋለ።
ሒሳብ ያዤ አዳሙ ብዕሩን አንስቶ
«ይህን በምን ልጻፈው? ኪሳራ? ብክነት?»
«የትምህርት ቤት ክፍያ በለው።»
«የማን?»
ዝም አልኩ። የእሷ ብቻ አልመሰለኝም።

ሦስት ወሩ አለቀ፣ ቱታው ልኳ ሆነ፣ ቀጠርኳት።
ጎረቤቴ ምትኩ የብየዳ ጭንብሉን ገለጥ አድርጎ
«አስተምር አስተምር፤ ጥርስ ታወጣና ትነክስሃለች።»

ነከሰችኝ፤ እውነቱን ነው።
በዓመት ከመንፈቋ ሰባታሚት መንገድ ላይ ከፈተች፣
ሁለት ደንበኞቼ ተከትለዋት ሄዱ።
ደሞዝ ልጨምርላት አስቤ ነበር፤
አንድ ወር ሙሉ ሳስብ ቀደመችኝ።
ትሁን፣ አልኩ።
ግን በዚያ መንገድ ለማለፍ ክረምቱ መውጣት ነበረበት።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ባለጀልባ ሻፍት አመጣ፤
በግራ የሚጠብቅ፣ ሁለት መነሻ ያለው ጥርስ፣
አንሙት ያልነካው፣ እኔም ያልደረስኩበት።
በጥፍሬ ዳሰስኩት። «ማን ሠራው?»
በአገጩ ወደ ሰባታሚት ጠቆመኝ።

ሄድኩ።
ማሽኑ ይዞራል፤ ከጎኗ አንድ ልጅ፣
አሥራ ስድስት ቢሆነው ነው፣ እጅጌው የረዘመበት።
አየችኝ። ፈገግ አላለችም፣ ማሽኑንም አላቆመች።
ልጁ ለእንግዳ ሊሮጥ ተነሳ፤
እኔም እጄን የማደርግበት ጠፍቶኝ
«ተወው፣ ሻዩን እኔ ላምጣ» አልኩ።

«ሁለታችሁም ቁሙ» አለች፣ ዓይኗን ከቢላው ሳትነቅል።
«ሻዩ ይደርሳል።
ቅረቡ፤ ጥርሱ አሁን ነው የሚወጣው።»